የመጸው ቀለማት ከሲቀላ እስከ ጨንቻ

የኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ዓመቱን በአራት ወቅቶች ሲከፍል ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለውን ጊዜ መጸው ይለዋል፤ ይህም ክረምቱ ወጥቶ ምድር በአበባ የምትሸፈንበት፣ ቀጥሎም አዝመራው የሚደርስበት ወቅት ነው። በአውሮፓ፣ በጃፓንና በሰሜን አሜሪካ ተራሮች በመጸው ወራት ደኑ ቢጫና ቀይ ስለሚለብስ የወቅቱ ፎቶግራፍ ሲነሳ ለብዙ ሰው ቀድሞ በሐሳቡ የሚመጣው የቅጠል ቀለም ነው። በጋሞ ተራሮች ግን የመጸው ቀለም የሚፈለገው በማሳው፣ በአፈሩ፣ በሣሩና በሐይቁ ላይ ነው።

ልዩነቱ የሚመነጨው ከብርሃንና ከሙቀት ነው። በሰሜኑ ዓለም ቀኑ ሲያጥርና ብርዱ ሲበረታ ዛፎች ክሎሮፊል የተባለውን፣ ለቅጠል አረንጓዴነት የሚሰጠውን ንጥረ ነገር ማምረት ያቆማሉ፤ በዚህ ጊዜ ከሥሩ ተሸፍኖ የቆየው ቢጫ ይገለጣል፣ በአንዳንዶቹም ላይ ቀይ ቀለም አዲስ ይፈጠራል። በእነዚህ ተራሮች ግርጌ ያለችው አርባ ምንጭ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 6 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ በዓመቱ ረጅም ቀንና አጭር ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህም ዛፉ ቅጠሉን በአንድ ጊዜ እንዲያራግፍ የሚያዝዘው የቀን ማጠር ምልክት እዚህ የለም ማለት ይቻላል።

በምትኩ ቀለሙን የሚለዋውጠው ከፍታው ነው። ሲቀላ፣ ማለትም የአርባ ምንጭ የታችኛው ከተማ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ 37 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ጨንቻ ደግሞ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ከዚያም አልፎ የጉጌ ተራራ ከ3,500 ሜትር በላይ ይደርሳል። በዚህ አጭር ጉዞ ውስጥ ቆላው፣ ወይና ደጋውና ደጋው ተደራርበው ይታያሉ፦ ከታች የሙዝና የማንጎ እርሻ፣ ከፍ ሲል እንሰት፣ ከዚያ በላይ ቀርከሃና የገብስ ማሳ። በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት፣ የመስቀላ፣ ማለትም የጋሞ የመስቀል በዓል፣ ሙቀት ሳይበርድ፣ የደጋው መስክ በቢጫ አበባ ይደምቃል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ገብሱና ስንዴው ወርቃማ ሲሆን ሁልጊዜ አረንጓዴ የሆነው እንሰት በአጠገቡ ቆሞ ይታያል። በማሳዎቹ መካከል የአገር ሽማግሌዎች በባህል ጠብቀው ያቆዩአቸው ጥብቅ ደኖች እንደ ጥቁር አረንጓዴ ነጥብ ጣል ጣል ብለዋል፤ እነዚህን ከወርቃማው ማሳ ጋር አንድ ላይ ያላነሳ ሰው የጋሞን ደጋ አንስቷል ለማለት ያስቸግራል።

የብርሃኑ አቅጣጫ ከካሜራው ዋጋ ይበልጣል። ተራሮቹ ከከተማዋ በስተምዕራብ፣ ሐይቆቹ በስተምሥራቅ በመሆናቸው የንጋት ፀሐይ የተራራውን ፊት ታበራለች፤ ስለዚህ ከሲቀላ ሆኖ ወደ ላይ ለሚያነሳ ሰው ምርጡ ጊዜ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ተኩል ያለው ነው። ከሰዓት በኋላ ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ ተራራው ፀሐይዋን ከጀርባው ስለሚይዝ ጎኑ ይጨልማል፣ አባያና ጫሞ ሐይቆች፣ በመካከላቸው ያለው የእግዜር ድልድይና ማዶ ያለው የአማሮ ተራራ ደግሞ ይበራሉ፤ ለዚህ ትዕይንት የላይኛው ከተማ ሴቻ ትመረጣለች። ለምድር ወገብ ቅርብ በሆነ ቦታ ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወጣና ስለምትጠልቅ ወርቃማው ብርሃን ፈጥኖ ያልፋል፣ ቦታን አስቀድሞ መምረጥም ግድ ይሆናል።

እንሰትን ማንሳት ለብቻው ሙያ ይጠይቃል። ዝናብ ካባራ በኋላ ሰፊው ቅጠል እንደ መስተዋት ስለሚያንጸባርቅ በምስሉ ላይ አረንጓዴው ጠፍቶ ነጭ ንጣፍ ይወጣል። ፖላራይዘር የሚባለው፣ በሌንስ ፊት የሚገጠምና የሚሽከረከር ማጣሪያ፣ ይህን ነጸብራቅ ይቀንሳል፤ ቀለበቱ ቀስ ብሎ ሲዞር ንጣቱ ይሟሟና የቅጠሉ ጥልቅ አረንጓዴ፣ በአንዳንዶቹ ዝርያዎች ላይም የመካከለኛው አጥንት ቅላት ብቅ ይላል። ማጣሪያ የሌለው ሰው ከቅጠሉ ጀርባ ሄዶ ብርሃኑ በቅጠሉ ውስጥ ሲያልፍ ቢያነሳ ከዚህ የማይተናነስ ውጤት ያገኛል።

ጉም ሌላው ፈተና ነው። ካሜራ ከፊቱ ያለውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ስለሚሞክር ነጭ ጉም ሲያይ ምስሉን ያጨልመዋል፤ ስለዚህ ብርሃኑን በአንድ ደረጃ መጨመር፣ በጥቅጥቅ ደን ፊት ደግሞ መቀነስ ያስፈልጋል። በስልክ የሚያነሳም ሰው ስክሪኑን ነክቶ ብርሃኑን ከፍና ዝቅ ማድረግ ይችላል። ከጨንቻ ብርድ ወደ ሲቀላ ሙቀት ሲወረድ በቀዘቀዘው ሌንስ ላይ ጤዛ ስለሚቋጠር ካሜራውን እስኪሞቅ ድረስ ከቦርሳ አለማውጣት ይመከራል።

ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው የአባያ ቀለም ነው። ጫሞ ወደ ሰማያዊ ሲያደላ አባያ ቀላ ያለ ቡናማ የሆነው ወንዞች ከደጋው ጠርገው የሚያመጡት ደቃቅ አፈር በውኃው ውስጥ ተንሳፍፎ ስለሚቀር ነው፤ ከጨንቻ አካባቢ ተነስተው ወደ ሐይቁ የሚገቡት የሐሬና የባሶ ወንዞችም ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። እንግዲህ በተራራው ላይ ወርቅ መስሎ የሚታየው ማሳና ከታች የሚታየው ቀይ ውኃ የአንድ ታሪክ ሁለት ገጾች ናቸው። ሐይቁን በኮምፒውተር ሰማያዊ ማድረግ ቀላል ነው፤ ነገር ግን እንዲህ የተደረገ ፎቶግራፍ ስለ ተራራው አፈር የሚናገረውን እውነት ያጣል። አውቶማቲክ የቀለም ሚዛንም የንጋቱን ወርቅነት ስለሚያጠፋ በካሜራው ላይ የፀሐይ ምልክት ያለበትን ምርጫ መያዝ ይሻላል።

ገበሬን በማሳው፣ ሸማኔን በዶርዜ መንደር በደጃፉ ከማንሳት በፊት ፈቃድ መጠየቅ የሚገባ መሆኑ ሳይረሳ፣ ወደ እነዚህ ተራሮች የሚወጣ ሁሉ ያነሳውን ምስል ቀለሙን ሳይለውጥ፣ ቀኑንና ቦታውን ጽፎ ያስቀምጥ፤ በሚቀጥሉት ዓመታትም ከዚያው ቦታ፣ በዚያው ወር ደግሞ ያንሳ።