ትርፍ አንጀትን ለማውጣት ሁለት መንገዶች

የማነጻጸሪያ ድርሰት ሁለት ነገሮች የሚመሳሰሉበትንና የሚለያዩበትን ለይቶ ያሳያል። የሚከተለውን ምንባብ ይህን እያስተዋላችሁ አንብቡ።

ትርፍ አንጀት በሆድ በስተቀኝ፣ ከትልቁ አንጀት መነሻ ላይ ተንጠልጥሎ የሚገኝ፣ እንደ ጣት የቀጠነ ከረጢት ነው። ውስጡ ሲደፈን ያብጣል፤ ይመግላል። ሕመሙ ብዙውን ጊዜ በእምብርት ዙሪያ ይጀምርና ከሰዓታት በኋላ ወደ ታችኛው የሆድ ቀኝ ጎን ይዛወራል። የምግብ ፍላጎት ይጠፋል፤ ማቅለሽለሽና ትኩሳት ይከተላሉ። ትርፍ አንጀቱ ከፈነዳ መግሉ በሆድ ዕቃ ውስጥ ተሰራጭቶ እስከ ሞት ያደርሳል።

ይህን የታመመ አካል በቀዶ ጥገና ለማውጣት ሁለት መንገዶች አሉ። በቀደመው መንገድ ሐኪሙ የሆዱን ቀኝ ጎን ጥቂት ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍቶ፣ ትርፍ አንጀቱን በዓይኑ እያየ ቆርጦ ያወጣዋል። ለዚህ የሚሆነውን የአከፋፈት ስልት አሜሪካዊው ቻርልስ ማክበርኒ እ.ኤ.አ. በ1894 አስተዋውቆ ነበር። ሁለተኛውን መንገድ ጀርመናዊው ኩርት ሴም እ.ኤ.አ. በ1980 ፈጸመው። በዚህኛው ሆድ በጋዝ ይነፋና አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ትንንሽ ቀዳዳዎች ይከፈታሉ። በአንዱ ካሜራ፣ በሌሎቹ ቀጫጭን መሣሪያዎች ይገባሉ፤ ሐኪሙም የሚሠራውን በቴሌቪዥን መስኮት ይመለከታል።

የሁለቱም ዓላማ አንድ ነው፤ ሁለቱም ማደንዘዣና የሠለጠነ እጅ ይሻሉ። ይሁን እንጂ በትንንሽ ቀዳዳ የታከመ ሰው ሕመሙ ይቀልለታል፤ ቁስሉ የማመርቀዝ ዕድሉ ያንሳል፤ ወደ ሥራውም ቶሎ ይመለሳል። በአንጻሩ ይህ መንገድ ውድ መሣሪያ፣ የማይቋረጥ መብራትና ልዩ ሥልጠና ይጠይቃል። የቀደመው መንገድ ግን በተለመዱት መሣሪያዎች፣ ከወገብ በታች ብቻ በሚያደነዝዝ መድኃኒት እንኳ ሊከናወን ይችላል። በኢትዮጵያ በብዙ ሆስፒታሎች የሚሠራበትም ስለዚህ ነው።

ታዲያ የትኛው ይሻላል? መሣሪያውና ባለሙያው ባሉበት ሁለተኛው ይመረጣል። በሌሉበት ግን እርሱን ፍለጋ ሩቅ ከመሄድ በቅርብ ባለው ሆስፒታል በጊዜ መታከም ይበልጣል፤ የታማሚውን ሕይወት ከቅዱ ስፋት ይልቅ የሚወስነው ሰዓቱ ነውና። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» እንዲሉ፣ እናንተም ይህ ሕመም ሲሰማችሁ ለቤተሰባችሁ ፈጥናችሁ ተናገሩ። ሆድን በማሳሸት ወይም የሚያስቀምጥ መድኃኒት በመጠጣት ጊዜ አታጥፉ።

መልመጃ
1. ሁለቱ መንገዶች በምን ይመሳሰላሉ? በምንስ ይለያያሉ?
2. «ይሁን እንጂ»፣ «በአንጻሩ» እና «ግን» በምንባቡ ውስጥ ምን አገልግሎት ሰጡ? በእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ዐረፍተ ነገር ሥሩ።