የፔትሳሞ ኒኬል፦ ባንዲራው ሲለዋወጥ ካሣው ለማን ደረሰ?

ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲወራ ስለ ጄኔራሎቹ ብዙ ይባላል። የታንኩ ብረት ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ኒኬል ከብረት ጋር ሲቀላቀል ጥይት በቀላሉ የማይበሳው ጠንካራ ብረት ይወጣዋል። በዚህም ምክንያት አንድ ሩቅ የማዕድን ጉድጓድ የኃያላን መናቆሪያ ሆኗል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፔትሳሞ በአርክቲክ ውቅያኖስ ዳር ያለች ጠባብ ምድር ናት። በ1920 በታርቱ ውል ከሩሲያ ወደ ፊንላንድ ተዛወረች፤ በ1921 ኒኬል ተገኘባት። በ1934 የፊንላንድ መንግሥት የማዕድኑን መብት ሞንድ ኒኬል ለተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ሰጠ። ሞንድ ግን በዚያን ጊዜ ከዓለም ኒኬል አብዛኛውን በእጁ ያደረገው የካናዳው ኢንተርናሽናል ኒኬል ቅርንጫፍ ነበር።

ጦርነቱ ሲፈነዳ ሽሚያው ጦፈ። የእንግሊዝ የባሕር ከበባ ጀርመንን ከካናዳ ኒኬል ለያት። በጁን 1940 ሞስኮ የማዕድኑ መብት ይሰጠኝ ስትል ጠየቀች። በጁላይ ደግሞ ኢ.ጌ. ፋርበን የተባለው የጀርመን ሞኖፖል ከምርቱ 60 በመቶውን ለመውሰድ ተዋዋለ። በጁን 1941 የናዚ ጦር ፔትሳሞ ገባ፤ የሶቪየት የጦር ምርኮኞችም በግዳጅ እንዲሠሩ ተደረጉ። በኦክቶበር 1944 ቀይ ጦር ሲገሰግስ፣ ጀርመኖች ማዕድን ማውጫውንና ማቅለጫውን አፈራርሰው ሸሹ። ምድሪቱ ለሶቪየት ኅብረት ተላለፈች።

እንግዲህ ካሣው ለማን ደረሰ? በዚያው ወር ሶቪየት ኅብረት ለኩባንያው ንብረት 20 ሚሊዮን ዶላር በስድስት ዓመት ውስጥ ለካናዳ ለመክፈል ተስማማች። ጦርነቱ ገና ሳያልቅ የባለ አክሲዮኖቹ ሒሳብ ተዘጋ ማለት ነው።

በአንጻሩ የአካባቢው ነባር ሕዝብ፣ አጋዘን አርቢውና ዓሣ አጥማጁ ስኮልት ሳሚ፣ ቀዬውን ለቆ ወደ ፊንላንድ ተሰደደ። ከፊሉ በ1949 በሴቬቲያርቪ ዙሪያ ሰፈረ። የአባቶቹ ግጦሽና ሐይቅ ከአዲሱ ድንበር ማዶ ቀረ። በማዕድኑ ስም ኒኬል ተብላ በተሰየመችው ከተማ ዳግም የተሠራው ማቅለጫም እስከ 2020 ድረስ የሰልፈር ጭሱን ሲተፋ፣ በዙሪያው ያለውን ደን ሲያደርቅ ኖረ።

በፔትሳሞ ላይ ባንዲራ ተለዋወጠ፤ ውል ተፈረመ፤ ተቀደደ። በአንዱም ድርድር ላይ ግን የመሬቱ ነዋሪና በጉድጓዱ የደከመው ሠራተኛ ድምፅ አልነበራቸውም። ማዕድን ተገኘ በተባለበት አገር ሁሉ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባውም ይኸው ነው፦ ውሉን የሚፈርመው ማን ነው? የሚፈርመውስ በማን ስም ነው?