ከሴራሚኩ በፊት ወለሉ

ዱባይ ውስጥ አል ቁዝ ለሴራሚክ ገዢ የሚመች ሰፈር ነው። ከሼክ ዛይድ መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ሲሉ የታይልና የማጣበቂያ መሸጫው ከመጋዘኑና ከጋራዡ ጋር ተደባልቆ ይገኛል። አዲስ አበባ ያለውን የወላጆቹን ቤት ለማሳደስ ያሰበ ሐበሻ በዕረፍት ቀኑ መጥቶ ናሙና ቢያገላብጥ ቀለሙን ይጠይቃል፤ መጠኑንና ዋጋውንም ያጣራል። የወለሉን ነገር የሚያነሣ ግን ብዙ የለም። ሥራው የሚበላሸው ደግሞ እዚያ ላይ ነው።

ሴራሚክ ከሥሩ ሙሉ ድጋፍ ካገኘ ከባድ ጭነት ይችላል፤ መጎበጥ ግን አይችልም። የተነጠፈበት ነገር ጥቂት እንኳ ረገብ ቀና ካለ መጀመሪያ ፉጋው ይሰነጠቃል፣ ቀጥሎ ማጣበቂያው ይለቃል፣ ከዚያ ሴራሚኩ ራሱ ይሄዳል። አንድ የጣውላ ወለል ሃምሳ ዓመት ሙሉ ቤተሰብ ተሸክሞ ይሆናል፤ ለሴራሚክ ግን ይህ ዋስትና አይሆንም። በሙያው የታወቀው ልክ ይህ ነው፦ በሁለት ድጋፎች መካከል ያለው ርዝመት ለ360 ይካፈላል፤ ወለሉ ጭነት ሲያርፍበት ከዚያ በላይ መርገብ የለበትም። 3.60 ሜትር ከሆነ 1 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ለእብነ በረድ የዚህ ግማሽ ብቻ ይፈቀዳል።

የአል ቁዝ መጋዘኖች ይህ ጣጣ የለባቸውም፤ ወለላቸው መሬት ላይ የተኛ ኮንክሪት ነው። እንዲህ ያለ ወለል የሚፈተነው በሙቀትና በእርጥበት ነው። በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ አፈሩ ጨዋማ ነው፤ እርጥበቱም ጨው ይዞ ወደ ላይ ይወጣል። በበጋ ማቀዝቀዣው ጠፍቶ የከረመ ቤት ደግሞ ይግላል፤ ሴራሚኩ ይለጠጣል፣ መላወሻ ክፍተት ካልተተወለት መሃል ላይ ብድግ ብሎ ይነሣል። በሳንቲም ሲመቱት ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ሴራሚክ ከሥሩ ለቋል ማለት ነውና በላዩ ሌላ መደረብ ገንዘብ መጣል ነው።

የድሮዎቹ የዱባይና የሻርጃ ቤቶች ግን ሌላ ናቸው። ግድግዳቸው የባሕር ኮራል ድንጋይ ነው፤ ጣሪያቸውና የፎቁ ወለል ከምሥራቅ አፍሪካ በጀልባ በመጣ የማንግሮቭ አጣና ላይ ያረፈ ነው። እንጨቱ ረጅም ስላልነበረ ክፍሎቹ ጠባብ ሆነው ቀሩ፤ በዱባዩ አል ፋሂዲ ሰፈር ገብቶ ቀና ብሎ ማየት ነው። የርዝመት ነገር እንዲህ ቤቱን ሁሉ ይወስናል።

ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ፣ ብዙ የቆዩ ቤቶች ከድንጋይ መሠረት ከፍ ብለው የተሠሩ ናቸው፤ ጣውላው ከሥሩ ባዶ በሆነ ተሸካሚ እንጨት ላይ ተመትቷል። ምርመራው ቀላል ነው። አንድ ጎልማሳ በክፍሉ መሃል ጠንከር አድርጎ ሲራመድ ቡፌው ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ከተንጫጩ ወለሉ ገና አልተዘጋጀም። ቀጥሎ ጥግ ላይ ሁለት ሦስት ጣውላ ነቅሎ በባትሪ ማየት ነው። ምስጥ የበላውን እንጨት ጠመንጃ መፍቻ ወጋ ሲያደርጉት ይገባል። የመሠረቱ አየር ማስገቢያ ቀዳዳዎች ግቢው ሲሞላ ተደፍነው ከሆነ፣ እነሱን ሳይከፍቱ እንጨት መቀየር ለምስጥ ቀለብ መስፈር ነው።

ከዚያ ማጠንከሩ ይመጣል። ከሁሉ ርካሹና ብዙ የሚሠራው ዘዴ፣ ከሥር ለመግባት የሚያስችል ቦታ ካለ፣ በተሸካሚዎቹ እኩሌታ ላይ በድንጋይ ወይም በኮንክሪት እግር የሚቆም አንድ አግዳሚ መጨመር ነው። ርዝመቱ ለሁለት ሲከፈል በመሃል የቆመ ሰው የሚፈጥረው መርገብ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ቦታ ከሌለ ከእያንዳንዱ ተሸካሚ ጎን ሌላ እንጨት በብሎን ማሰር ይቻላል። እዚህ ላይ ቁመት ከወርድ ይበልጣል፦ ወርዱ እጥፍ ሲሆን ላለመርገብ ያለው ጥንካሬ እጥፍ ብቻ ይሆናል፤ ቁመቱ እጥፍ ሲሆን ግን ስምንት እጥፍ።

በላዩ ወፍራም ኮምፔንሳቶ ከተሸካሚዎቹ አቅጣጫ ተሻግሮ በብሎን ይታሰራል። ምስማር ከጊዜ በኋላ ይላላልና አይመከርም። ከዚያ የሲሚንቶ ሰሌዳ ወይም እንቅስቃሴ የሚውጥ ምንጣፍ ይከተላል። የሲሚንቶ ሰሌዳ ወለል ያጠነክራል የሚሉ ሻጮች አሉ፤ አያጠነክርም፣ ለማጣበቂያው ጥሩ ገጽ ይሰጣል እንጂ።

እኔ አጥብቄ የምቃወመው አንድ ልማድ አለ፦ በጣውላው ላይ ሸራ ዘርግቶ 5 ሴንቲ ሜትር የሲሚንቶ ሞርታር መሙላት። አራት በአራት ሜትር በሆነ ክፍል ይህ ሴራሚኩን ሳይጨምር 1,600 ኪሎ ግራም ያህል ነው፤ ያረጀው እንጨት ያንን ክብደት ሌት ተቀን ይሸከማል። ግንበኛው የለመደው መሬት ላይ ያረፈውን ሊሾ ስለሆነ አይፈረድበትም፤ አሠሪው ግን ሒሳቡን ቀድሞ ሊያሳየው ይገባል።

ኮምፔንሳቶው፣ ምንጣፉ፣ ማጣበቂያውና ሴራሚኩ ተደምረው ወለሉን ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ያነሡታል። በግድግዳው ዙሪያ ባቲስኮፓው የሚሸፍነው ጠባብ ክፍተት ይተው፤ በሮቹም ሴራሚኩ ሳይነጠፍ ከታች ይቆረጡ።