በናይሮቢ ጋዜጦች ማን ይጠየቃል?

የውጭ ዜና ገጽ አርታኢ ነኝና ሥራዬን የምጀምረው የናይሮቢን ጋዜጦች በማገላበጥ ነው። ዴይሊ ኔሽንን ወይም ስታንዳርድን ሳነብ ከሁሉ ቀድሜ የማየው ማን እንደተጠየቀ ነው። የዱቄት ዋጋ ሲንር እናትየዋ ገበያ መሀል ቆማ ልጆቿን ማብላት እንዳቃታት ትናገራለች፤ ዋጋው ለምን እንደናረ የሚያስረዳው ግን ባለ ክራቫቱ ኢኮኖሚስት ነው። ሁለቱም ያሉት እውነት ነው። ብሶቱ ለእሷ፣ ትንተናው ለእሱ መደልደሉ ነው የሚቆረቁረኝ።

ጣጣው የኬንያ ብቻ አይደለም። በየአምስት ዓመቱ የሚካሄደው ዓለም አቀፍ የሚዲያ ክትትል ፕሮጀክት በዜና ውስጥ የሚታዩና የሚጠየቁ ሴቶችን ድርሻ እ.ኤ.አ. በ1995 17 በመቶ፣ በ2020 ደግሞ 25 በመቶ ሆኖ አግኝቶታል። በሃያ አምስት ዓመት ስምንት ነጥብ!

ስሟ የገነነ ሴትም ብትሆን አትተርፍም። እ.ኤ.አ. በ1989 የአካባቢ ጥበቃ ተሟጋቿ ዋንጋሪ ማታይ በናይሮቢው ኡሁሩ ፓርክ ባለ 60 ፎቅ ሕንፃ እንዳይሠራ ሲሟገቱ፣ የምክር ቤት አባላት የፓርኩን ነገር ትተው ትዳር አነሱ፤ እሳቸው የመሠረቱትን የግሪን ቤልት ንቅናቄ የፈት ሴቶች ስብስብ ብለው አጣጣሉ። (ሕንፃው የገዢው ፓርቲ ጋዜጣ የኬንያ ታይምስ መቀመጫም ሊሆን ነበር፤ ጉድ ነው።) እንዲህ ያለ ስድብ ዜና ስለሆነ አይደበቅም። ጥያቄው የት ይግባ ነው። ርዕስ ላይ ከወጣ አንባቢው ሙግቱን የሚያውቀው በተሳዳቢው አፍ ይሆናል። እኔ ብሆን የማታይን መከራከሪያ መግቢያው ላይ አድርጌ፣ ስድቡን ከነተናጋሪው ስም ወደ አራተኛው አንቀጽ አወርደው ነበር። ሕንፃው ሳይሠራ ቀረ፤ እሳቸውም እ.ኤ.አ. በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበሉ።

እ.ኤ.አ. በ2022ቱ የኬንያ ምርጫ ከ47ቱ ካውንቲዎች በሰባቱ ሴቶች አገረ ገዢ ሆነዋል። እዚያ የበጀት ዜና የሚሠራ ዘጋቢ ወደደም ጠላም ሴት ባለሥልጣን ይጠይቃል። የምትዘለለው ሥልጣን የሌላት ባለሙያ ናት፦ የግብርና ተመራማሪዋ፣ የባንክ ተንታኟ። ይህን ሁልጊዜ በንቀት አላሳብበውም። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ገጹ ሊዘጋ ሲል ዘጋቢ የሚደውለው ስልክ ቶሎ ለሚያነሳለት ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ባለፈው ሳምንትም የተጠየቀው ነው። ስለዚህ የእኛ ዴስክ የሴት ባለሙያዎችን ስልክ የሚያሰባስበው ዜና ቀዝቀዝ በሚልበት ጠዋት ነው። ዝርዝሩ ገና አጭር ነው።