የባለትዳር ሴት የጡረታ ድርሻ

ሚስት በባሏ መዋጮ ትጦራለች የሚለው አሳብ በሕግ ሲጻፍ የሚያስከትለውን ለማስረዳት፥ የእንግሊዝን አገር ነገር በአውሮፓ አቆጣጠር ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን። በዚያ አገር በ1948 ሥራ ላይ የዋለው ብሔራዊ የመድን ሕግ ደመወዝተኛው ሁሉ መዋጮ እንዲከፍል ሲያዝ፥ ባል ያላት ሠራተኛ ግን ብትወድ ሙሉውን መዋጮ እንድትተው ፈቀደላት። ነገሩ ቸርነት ይመስል ነበር፤ ከደመወዟ የሚቀነሰው አንሶ ለልጆቿ ዳቦ ይተርፋታልና። ዳሩ ግን መዋጮውን የተወችበት ዘመን በስሟ ጡረታ አያስገኝላትም፤ በባሏ መዋጮ የምታገኘውም ከእርሱ መሠረታዊ ጡረታ ከመቶ 60 ያህሉን ነበር። ደግሞም የሴት የጡረታ ዕድሜ 60፥ የወንድ 65 ስለ ነበረ፥ ባሏ እኩያዋ የሆነ እንደ ሆነ እርሱ ጡረታ እስኪወጣ 5 ዓመት፥ ታናሿም ቢሆን ከዚያ የበለጠ ባዶ እጇን ትጠብቃለች። 30 ዓመት በፋብሪካ የደከመችውም ከዚህ አታመልጥም። በእኛ አስተያየት ክፋቱ፥ ሙሽራ ሳለች የፈረመችው ወረቀት ዋጋው የሚታወቃት ጠጕሯ ከሸበተ በኋላ መሆኑ ነው። ይህ ምርጫ በ1977 ለአዲስ ገቢ ተዘጋ፤ ቀድሞ የመረጡት ግን እንዲቀጥሉ ተፈቀደ። በ1978 ልጅ ለማሳደግ ከሥራ የቀሩበት ዓመት ከሚፈለግባቸው የመዋጮ ዘመን እንዲቀነስላቸው ሲደነገግ፥ የቀድሞውን ምርጫ ያልለቀቁት ሚስቶች ከዚህ አልተካፈሉም።