ደመወዝ የማይጨምር ፈተና

ፈተና ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የምናስበው የትምህርት ቤቱን ወንበር ነው። ተማሪው ክፍል ለማለፍ፣ ጸሐፊው ደረጃ ለማሻሻል ይፈተናል፤ ያለፈ ደስ ብሎት ወረቀቱን ከፋይሉ ያስገባል፤ የወደቀም ለሚመጣው ጊዜ ይዘጋጃል። ያም ሆነ ይህ ፈተናው የሚፈለገው ከበስተኋላው ስላለው ነገር እንጂ ስለ ራሱ አይደለም። ታዲያ ሥራና ደመወዝ፣ ትዳርና ልጆች ያሉት የአርባና የአምሳ ዓመት ሰው፣ አንዲት ሳንቲም ለማያስጨምር፣ ሹመትም ለማያስገኝ ፈተና ሁለትና ሦስት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ሲደክም ቢታይ ምን ይባላል?

እንዲህ ያሉ ሰዎች በእንግሊዝ አገር ጥቂቶች አይደሉም። ቀኑን በባንክ ወይም በሐኪም ቤት፣ በጽሕፈት ቤት ወይም በሱቅ ውለው ማታ ከፒያኖ ፊት ይቀመጣሉ። የሚዘጋጁትም ከደረጃ ፈተናዎች የመጨረሻ ለሆነው ለስምንተኛው ደረጃና ከዚያም በላይ ላለው ዲፕሎማ ነው። ስለ እነርሱ ከመናገሬ በፊት ፈተናው ከየት እንደ መጣ ጥቂት ልበል፤ ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት ፒያኖ መካከለኛ ኑሮ ባላቸው የእንግሊዝ ቤተሰቦች ዘንድ እንደ ጠረጴዛና እንደ ቁም ሣጥን የቤት ዕቃ ሆኖ ነበር። ፒያኖ በበዛበት አስተማሪ ይበዛል፤ አስተማሪም ሲበዛ ዐዋቂውን ከአስመሳዩ መለየት ያስቸግራል። ትሪኒቲ ኮሌጅ የተባለው የሎንዶን የሙዚቃ ትምህርት ቤት በ1877 የሙዚቃ ፈተና መስጠት ጀመረ። በ1889 ደግሞ፣ በ1822 የተመሠረተው ንጉሣዊው የሙዚቃ አካዳሚና ታናሹ ንጉሣዊ የሙዚቃ ኮሌጅ ተስማምተው አንድ የጋራ የፈተና ቦርድ አቋቋሙ። የአካዳሚው አለቃ አሌክሳንደር ማኬንዚ፣ የኮሌጁም አለቃ ጆርጅ ግሮቭ ነበሩ። ዛሬ ትሪኒቲም ሆነ የጋራ ቦርዱ ከእንግሊዝ ውጭ በብዙ አገሮች ይፈትናሉ፤ ከተፈታኞቹም አብዛኞቹ ልጆች ናቸው። ጐልማሳው በመጠበቂያው ክፍል የሚቀመጠው የትምህርት ቤት ልብስ በለበሱ ሕፃናትና በእናቶቻቸው መካከል ነው፤ አንዳንድ ጊዜም «ልጅዎ የትኛው ነው?» ተብሎ ይጠየቃል።

ደረጃዎቹ ስምንት ናቸው። በጋራ ቦርዱ የስምንተኛ ደረጃ ፈተና ላይ ፈታኝና ተፈታኝ ፊት ለፊት ይገናኛሉ። ተፈታኙ ሦስት ድርሰቶች ይጫወታል፤ እስኬል የሚባሉትን የድምፅ መሰላሎች ያለ ኖታ በቃሉ ይመታል፤ ከዚያም አይቶት የማያውቀው ኖታ ይሰጠውና ግማሽ ደቂቃ ያህል ተመልክቶ ወዲያው ይጫወተዋል። በመጨረሻ የጆሮ ፈተና ይመጣል። ፈታኙ ራሱ ፒያኖ ሲመታ አዳምጦ ስለ ሰማው መናገር፣ የታችኛውንም ድምፅ ለይቶ መዝፈን አለበት። ብዙውን ጐልማሳ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳፍረው ይህ ነው። በጣቱ ሲሳሳት የማይደነግጥ ሰው፣ በማያውቀው ሰው ፊት ብቻውን ቆሞ ዝፈን ሲባል ፊቱ ይቀላል።

ነጥቡ ከ150 ይቆጠራል። እያንዳንዱ ድርሰት 30፣ እስኬሉ 21፣ ያልታየው ኖታ 21፣ ጆሮው 18 ነው። ለማለፍ 100 ይበቃል፤ 120 ያገኘ በብልጫ፣ 130 ያገኘ በከፍተኛ ብልጫ አለፈ ይባላል። በዲፕሎማው ግን እስኬሉም የጆሮ ፈተናውም ይቀራል። ዲፕሎማው እንደ አንድ ትንሽ ኮንሰርት ነው። በጋራ ቦርዱ የመጀመሪያ ዲፕሎማ ተፈታኙ 30 ደቂቃ ያህል ሳያቋርጥ ይጫወታል፤ ከፍ ባሉት ዲፕሎማዎች ጊዜውም ክብደቱም ይጨምራል። በእንግሊዝ የትምህርት መለኪያ የመጀመሪያው ዲፕሎማ ከዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት፣ የሁለተኛው ማዕርግ ከመጨረሻው የዲግሪ ዓመት፣ ሦስተኛውም ከማስትሬት ጋር በክብደት ይስተካከላል። ይህ ማለት ግን ዲግሪ ይሰጣል ማለት አይደለም። ያለፈው ሰው ከስሙ በኋላ አራት ፊደል ማስከተል ይፈቀድለታል፤ ፊደሎቹ ለሙዚቃ አስተማሪ እንጀራ ይሆናሉ፤ ለሂሳብ ሹም ግን ለጌጥ ካልሆነ በቀር አይረቡም።

እነዚህ ሰዎች ወደዚህ ድካም የሚመጡት በልዩ ልዩ መንገድ ነው። አንዱ በልጅነቱ ተምሮ በአሥራ አራትና በአሥራ አምስት ዓመቱ የተወ፣ ሠላሳ ዓመት ካለፈ በኋላ ጸጸት የያዘው ነው። ሌላው ፒያኖ ከቤቱ ያልነበረ፣ በራሱ ገንዘብ ገዝቶ ከዜሮ የጀመረ ነው። ዘግይቶ መጀመር ሁሉን አያበላሽም፤ የእኛው አገር ታዋቂ ፒያኖ መቺ ግርማ ይፍራሸዋ ከፒያኖ ጋር የተዋወቀው በአሥራ ስድስት ዓመቱ በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ኋላ በቡልጋርያ ከተማ በሶፊያ ከፍተኛ ትምህርቱን ለመከታተል በቅቷል። እርግጥ አሥራ ስድስት አርባ አይደለም።

ደጃፉ የተዘጋበትም አለ። ከላይ የጠቀስኩት የሎንዶን አካዳሚ ስም ከአንዲት ኢትዮጵያዊት ታሪክ ጋር የሚገናኘው በዚህ በኩል ነው። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ1923 በአዲስ አበባ ተወልደው፣ በልጅነታቸው በስዊስ አገር ሙዚቃ ተማሩ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ወደ ካይሮ ሄደው አሌክሳንደር ኮንቶሮዊች ከተባለው መምህር ዘንድ በቀን አራት ሰዓት ፒያኖ፣ አምስት ሰዓት ቫዮሊን ይለማመዱ እንደ ነበረ ይነገራል። በኋላም በሎንዶኑ አካዳሚ የመማር ዕድል ተገኝቶላቸው ሳለ ለመሄድ ፈቃድ ሳይሰጣቸው ቀረ። ከዚህ ኀዘን በኋላ ወደ ግሸን ማርያም ወጥተው መነኰሱ። የመጀመሪያው ሸክላቸው በ1967 በጀርመን አገር ታተመ፤ በ2023 በዘጠና ዘጠኝ ዓመታቸው በኢየሩሳሌም እስኪያርፉ ድረስም ከፒያኖ አልተለዩም። የአካዳሚውን ወረቀት አልያዙም፤ ሙዚቃቸው ግን ዛሬ ሎንዶን ውስጥ ይደመጣል።

እንግዲህ ወረቀቱ ሙዚቀኛን የማያደርግ ከሆነ ፈተናው ለምን ያስፈልጋል? የሚል ሰው ትክክለኛ ጥያቄ ጠየቀ። የእኔ አስተያየት የሚከተለው ነው። ብቻውን የሚማር ጐልማሳ ሁለት ነገር ይጐድለዋል፤ አንደኛው ቀነ ቀጠሮ፣ ሁለተኛው የእንግዳ ጆሮ ነው። ልጅን እናቱ ትቈጣዋለች፣ አስተማሪው ይጠብቀዋል፤ ጐልማሳውን ግን ማንም አይቈጣውም። «ዛሬ ደክሞኛል፣ ነገ» ቢል የሚከስሰው የለም። የቤቱ ሰዎችም ሲጫወት ሰምተው «እሰይ፣ ጐበዝ» ይሉታል፤ ሚስት ባሏን፣ ልጅ አባቱን ምን ብሎ ይተች? ፈታኙ ግን አያውቀውም፤ ደክሞ መዋሉም አይታሰብለትም። የሰማውን ብቻ ጽፎ ይልካል። ለአርባ ዓመት ሰው እንዲህ ያለ እውነት የሚነግረው ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም።

ስለ ጊዜ ጉዳይ የሚስተር አለን ረስብሪጀርን ታሪክ ማንሳት ይጠቅማል። እኒህ ሰው የታወቀው የ«ጋርዲያን» ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ በነበሩ ጊዜ፣ በ2010 በአምሳ ስድስት ዓመታቸው፣ የሾፓንን የመጀመሪያ ባላድ በአንድ ዓመት ውስጥ ለማጥናት ለራሳቸው ቃል ገቡ። ለፈተና አልነበረም፤ ቀኑን የቈረጡት ራሳቸው ነበሩ። ባላዱ ዐዋቂ ፒያኖ መቺዎች እንኳ የሚፈሩት፣ በተለይም መጨረሻው እንደ እሳት የሚፈጥን ድርሰት ነው። በዚያው ዓመት ጋዜጣቸው ዊኪሊክስ ያገኛቸውን የአሜሪካን ምስጢራዊ ደብዳቤዎች አወጣ፤ በሚቀጥለው ዓመት በ1 ፈንታ ሌላ አውሎ ነፋስ፣ የስልክ ጠለፋው ቅሌት ፈነዳ። ለልምምድ ይሹ የነበረው በቀን 20 ደቂቃ ያህል ሲሆን፣ ያም የማይገኝበት ቀን ብዙ ነበር። ካሰቡት ዓመት ጥቂት አልፎ በ2011 መጨረሻ ድርሰቱን በሰው ፊት ተጫወቱት፤ ታሪኩንም በ2013 በመጽሐፍ አሳተሙ። ጊዜ የለኝም የሚል የመሥሪያ ቤት ሰው ይህን ሰምቶ ቢያንስ ለሌላ ምክንያት ይፈልግ።

ዳሩ ግን 20 ደቂቃ የሚበቃው አጠቃቀሙን ላወቀ ነው። ጀማሪው ድርሰቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እየደጋገመ ይጫወታል፤ የሚያውቀውን ደግሞ ደጋግሞ ያውቀዋል፤ የሚሳሳትበትንም ደጋግሞ ይሳሳተዋል። ዐዋቂው አራት መስመር ብቻ ቈርጦ፣ አንዴ በቀኝ እጅ፣ አንዴ በግራ፣ እጅግ ቀስ ብሎ ይሠራል። ለምሳሌ የባኽን ፉግ እንውሰድ። ፉግ ማለት አንዱ ድምፅ የጀመረውን ቃል ሁለተኛው ተቀብሎት፣ ሦስተኛውም ደርሶበት፣ ሦስቱም በአንድነት እየተናገሩ አንዳቸው ሌላውን ሳይውጡ የሚሄዱበት ድርሰት ነው። ሦስቱን ድምፆች የሚያናግሩት ግን የአንድ ሰው አሥር ጣቶች ናቸው። አንደኛው ጣት ቃሉን ሲጨርስ ጐረቤቱ ዝም ማለት፣ ሌላው መጀመር አለበት። ይህን ሌሊት በእንቅልፍ ሰዓት ጐረቤት ሳይረብሹ ለመለማመድ ብዙዎች የኤሌክትሪክ ፒያኖ ገዝተው በጆሮ ማዳመጫ ይሠራሉ።

ችግሩ የሚታወቀው በፈተናው ቀን ነው። ቫዮሊን ተጫዋች የራሱን ቫዮሊን ይዞ ይመጣል፤ ፒያኖ መቺ ግን ያገኘውን ይመታል። በ1821 ኤራር የተባለው የፓሪስ ፒያኖ ሠሪ፣ መዶሻው ጨርሶ ሳይመለስ ደግሞ እንዲመታ የሚያደርግ ዘዴ አወጣ፤ በትልቁ ፒያኖ አንዱን ድምፅ በፍጥነት መደጋገም የሚቻለው በዚህ ዘዴ ነው። ስለዚህ ሁለት ዓመት በኤሌክትሪክ ፒያኖ የለመደ ጣት ከትልቁ ፒያኖ ጋር ሲገናኝ ቁልፉ ይከብደዋል ወይም ያመልጠዋል፤ ለስላሳ ያሰበው ይጮኻል፤ ፔዳል የተባለው የእግር መርገጫም ድምፁን ከጠበቀው በላይ ያደባልቅበታል። ብልኅ ተፈታኝ ከፈተናው በፊት በወዳጅ ቤት፣ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ በሱቅም ቢሆን በተቻለው ፒያኖ ሁሉ ይጫወታል።

ከዚያም ፍርሃት አለ። እጅ ይቀዘቅዛል፣ ጕልበት ይንቀጠቀጣል፣ በፔዳሉ ላይ ያለው እግር ያለ ፈቃድ ይዘላል። ይህ የጀማሪ ደዌ ብቻ እንዳይመስል፣ በ1987 በአሜሪካ ኦርኬስትራዎች የሚሠሩ 2,212 ሙዚቀኞች ተጠይቀው 27 ከመቶው የልብ ምትን የሚያበርድ መድኃኒት ወስደው እንደሚያውቁ ተናግረዋል፤ እነዚህ በሙያቸው የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። መድኃኒቱ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ አይደለም፤ ብዙው ጐልማሳም የሚመርጠው አስቀድሞ በጥቂት ሰዎች ፊት ደጋግሞ በመጫወት ፍርሃቱን ማላመድ ነው። በጋራ ቦርዱ ፈተና ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠው ፈታኝ ዋና መሣሪያው ቫዮሊን ወይም መለከት ሊሆን ይችላል። ይህ አንዳንዱን ቅር ያሰኘዋል፤ እኔ ግን መልካም ነው እላለሁ። እርሱ የሚሰማው የጣቱን አቀማመጥ ሳይሆን ሙዚቃውን ነው።

ነቀፋው ደግሞ እውነት አለበት። ለፈተናው ሲሉ ሦስት ድርሰት ብቻ ይዘው ዓመት ሙሉ የሚከርሙ አሉ። በከፍተኛ ብልጫ አልፈው ሳለ፣ በልደት በዓል አንድ ቀላል ዜማ ምቱልን ሲባሉ «ኖታ የለኝም» ብለው የሚቀመጡም አሉ። ለፈተናው የሚመጣውን ብቻ አጥንቶ የቀረውን መዝለል በእኛ ክፍል ውስጥ በየቀኑ የማየው ነገር ነውና አልፈርድባቸውም፤ ነገር ግን ተማሪው የሚያስገድደው አለው፤ ጐልማሳውን ማን አስገደደው? በገዛ ፈቃዱ ገብቶ በገዛ ፈቃዱ ራሱን ማጥበቡ ይገርመኛል።

ከ2020 ወዲህ ደግሞ አዲስ ነገር መጥቷል። የጋራ ቦርዱ እስኬልና የጆሮ ፈተና የሌለበት፣ አራት ድርሰት ብቻ የሚጠየቅበት፣ ተፈታኙ በቤቱ ሆኖ በካሜራ ቀርጾ የሚልከው ፈተና ከፈተ፤ የመጀመሪያውም ዲፕሎማ በዚሁ መንገድ ይሰጣል። ድርሰቶቹ ሁሉ ሳይቈራረጡ በአንድ ተከታታይ ቀረጻ መጫወት አለባቸው፤ ቀረጻውን ግን የፈለጉትን ያህል ደጋግሞ ከሁሉ የተሻለውን መላክ ይቻላል። ሩቅ አገር ላለ ሰው ትልቅ ጥቅም ነው። አዲስ ፈተናም ይዞ መጥቷል፤ በክፍሉ ውስጥ አንዴ ተሳስቶ ያለፈው ሰው ነገሩ አልቆለት ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር፤ ካሜራ ፊት የተቀመጠው ግን በሃያ ስምንተኛው ደቂቃ አንዲት ድምፅ ስታመልጠው ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ ውሻ ሲጮኽ ደግሞ ይጀምራል፤ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ሲሆንም ከአሥራ አንዱ ቀረጻ ሦስተኛው ይሻላል ወይስ ዘጠነኛው እያለ ያዳምጣል።