አደይ አበባ የትኛው ነው?

መስከረም ጠብቶ የክረምቱ ጭጋግ ሲገፈፍ የደጋውና የወይናደጋው ሜዳ ቢጫ ካባውን ይደርባል። የእንቁጣጣሽ ዕለት ልጃገረዶች ከቄጤማ ጋር ይዘው የሚዞሩት፣ መስከረም 16 ቀን ደግሞ ከደመራው ጋር የሚታሰረው አደይ አበባ ነው። ይሁን እንጂ ሜዳውን ያለበሰው ቢጫ ሁሉ አደይ አይደለም። በከተማ ገበያ አደይ ተብሎ ከሚሸጠው እቅፍ ውስጥ ሜጭ ተቀላቅሎ እናያለን። ሜጭ ይዞ በዓል ማክበር ኃጢአት ነው አንልም፤ ግን አደይን ከሜጭ ለይቶ ማወቅ ለስሙ ብቻ ሲባል የሚፈለግ አይደለም።

ልዩነቱ ከአበባው ይልቅ በቅጠሉ ይገለጣል። የሜጭ ቅጠል ያልተከፋፈለ፣ ሲዳስሱት የሚሻክር፣ ያለ እጀታ ግንዱን አቅፎ የሚበቅል ነው። የአደይ ቅጠል ግን በቀጭን በቀጭኑ የተሰነጣጠቀ ነው። በጾም ወራት ዘይቱ ከወጣችን የማይታጣው ኑግ የሜጭ የቅርብ ዘመድ ሲሆን፣ የሁለቱም ዘር ጥቁርና ለስላሳ፣ ጫፉም ቀንድ የሌለው ነው። የአደይ ወገን በዕጽዋት ሊቃውንት ዘንድ ቢደንስ ይባላል፤ ትርጓሜውም በላቲን “ባለ ሁለት ጥርስ” ማለት ነው። ከአደዮቹ አንዱ “ማክሮፕቴራ”፣ በግሪክኛ ባለ ትልቅ ክንፍ፣ የተባለውም ከዘሩ ዳርና ዳር ባለው ክንፍ የተነሣ ነው። በመንገድ ዳር ልብሳችንን ይዞ አልለቅ የሚለው የሰይጣን መርፌም፣ ስሙ ለበዓል ባይመችም፣ ከዚሁ ወገን ነው።

ሌላም የሚያስደንቅ ነገር አለ። አንድ አበባ ብለን የምንቀጥፈው አደይ በእውነቱ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ጉባኤ ነው። ዙሪያውን የከበቡት ቢጫ መልካሞች ዘር አይሰጡም፤ ንብ ይጠራሉ። ዘሩን የሚያፈሩት በመካከል የታጨቁት ናቸው። የጥቅምትና የኅዳር ማር ከአደይና ከሜጭ ብዙ የሚቀበለውም በዚሁ ጥሪ ነው።

እንግዲህ ሜጭ ከጤፍ ማሳ ቢነቀል ገበሬው ደስ ይለዋል። አደይ ግን የአንድ ዓመት ተክል ነው፤ የሚቀጥለው መስከረም ተስፋው ዘሩ ብቻ ነው። ለበዓል ሲባል ከነሥሩ የተመዘዘ አደይ ዘር ሳይጥል ይቀራል። ሜዳው በቤት በተተካበት በከተማ ዙሪያ ደግሞ ጥቂቱ ቀሪ በዚህ መንገድ ያልቃል። ስለዚህ ልጆቻችን አገዳውን ከፍ አድርገው በቢላዋ ይቁረጡት፣ ከየቁጥቋጦውም ጥቂት ይተዉለት።

ቤተ ክርስቲያን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉትን 40 ቀናት ዘመነ ጽጌ ትላቸዋለች። ያን ጊዜ አደዩ ከአበባ ወደ ዘር ይሻገራል። ግቢ ያለው ሰው የደረቀውን ራስ ለቅሞ በአጥሩ ሥር ቢበትነው፣ በክረምቱ ዝናብ ይበቅልለታል።